በአባቴ ስም የኖሩት ሰው

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሜልበርን፣ ታርኔት ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ «ሚስተር ሰይድ!» ብላ ስትጣራ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ተነሡ። ሰይድ አይደሉም። ሰይድ የወለደኝ አባቴ ነው፤ የወሎ ገበሬ።

ሱዳን የስደተኞች ካምፕ ሳለን አባቴ «የታመመ ወንድሜን ላምጣ» ብሎ ወደ አገር ቤት ተመለሰና በዚያው ቀረ። አውስትራሊያ የመሄጃ ተራችን ሲደርስ ፎርሙ ላይ የተመዘገበው ባል ከሌለ ጉዳያችን እንደ አዲስ እንደሚጀመር ተነገረን። ታናሽ እኅቴን ደግሞ ወባ ሊጨርሳት ነው። ጎረቤታችን የነበሩ፣ ሚስታቸውን መንገድ ላይ የቀበሩ ሰው «እኔ ሰይድ ልሁን» አሉ። እናቴ ብዙ አልቅሳ እሺ አለች።

ሜልበርን ስንገባ ፍሌሚንግተን በሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ የመንግሥት ቤት ሰጡን። እኛ «አባባ» የምንላቸው ሰው ሳሎን ሶፋው ላይ ነበር የሚተኙት። ጠዋት ከፋብሪካ የሌሊት ሺፍት ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፤ እኛን ትምህርት ቤት ሳያደርሱ ጎናቸውን አያሳርፉም። እናቴ ባሏ ይሙት ይኑር ስለማታውቅ ሌላ ማግባት አትችልም። ያን ሁሉ ዓመት እንዲሁ ኖሩ።

ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ፣ ዝናብና ነፋስ በበዛበት ክረምት፣ ያ አባቴ ሊያመጣው የሄደው አጎቴ ይማም በኬንያ በኩል ሜልበርን ገባ። «የሰይድ ወንድም መጣ!» ተብሎ ቤታችን በሰው ሞላ። እናቴ የበግ ቅቅል ሠርታ፣ ጨው መጨመሯን እየረሳች ደጋግማ ጨመረችበት። አጎቴ አንድ ቃል ቢተነፍስ ባለሥልጣኖቹ አባባን ወደ ሱዳን የሚመልሷቸው፣ እኛንም የሚበትኑን ይመስለን ነበር።

አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ አባባን ትኩር ብሎ አያቸው። ቀጥሎ እኅቴን አየ፤ የአባባን ኮት ጨምድዳ ይዛለች።

«ወንድሜ!» ብሎ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። እንግዶቹ አለቀሱ።

ሰዉ ሲሄድ ግን ፊቱ ተለወጠ። «የወንድሜን ስም ማን ሰጠህ?» አላቸው።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች እናቴ።

አጎቴ ሶፋው ጥግ የታጠፈውን ብርድ ልብስ አየ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «እዚህ ነው የሚተኛው?»

«እዚህ ነው። ሁልጊዜ።»

እንባው መጣ፤ ወደ እናቴ ዞረ። «ሰይድ የለም፤ ዘሃራ። እኔን አስታመመኝና ስድን እሱ ወደቀ። በእጄ ነው የቀበርኩት።»

እናቴ ሐዘን ተቀመጠች። የሐዘኑ ወራት ሲሞላ የእሷና የአባባ ጋብቻ፣ ኒካሁ፣ እዚያው ሳሎን ታሰረ፤ አጎቴ ምስክር ሆነ። ሼሁ ስም ሲጠይቁ አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሁሴን» አሉ።

እኅቴ በእንግሊዝኛ «ሁሴን ደግሞ ማነው?» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቁት እሳቸው ነበሩ።

ያን ቀን ከክሊኒኩ ወጥተን ክንዳቸውን ደግፌ ወደ መኪናው ስንሄድ «ቀስ በይ፣ ልጄ» አሉኝ። ልጄ የሚለኝ ሰው ጎድሎብኝ አያውቅም። አንዱ አባቴ ወንድሙን ሊያድን ሄዶ ሞተ፤ ሌላው እኛን ለማሻገር የገዛ ስማቸውን ተዉ። አጎቴም በሩ ላይ ቆሞ እውነቱን ዋጠልን። እንዲህ ባሉ ሰዎች እጅ ማደጌን ሳስብ፣ ከሶላት በኋላ የምለምነው ነገር ይጠፋኝና አመስግኜ ብቻ እነሣለሁ።