ሳይሸፈን የሚያድር ድንች

የምግብ ቤት አብሳይዋ ቬርና ዉሌት የነገን ቁርስ የምትጀምረው ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የመጨረሻው ምሳ በላተኛ ኮፍያውን ደፍቶ ሲወጣ አንድ ጆንያ ድንች ታጥብና ከነልጣጩ በሁለት ትልልቅ ድስት ትጥዳለች። መሀሉ ገና ጠንከር እንዳለ አውጥታ ትሪ ላይ ትበትነዋለች፤ ሲበርድ ማቀዝቀዣ ክፍል ገብቶ ሳይሸፈን ያድራል። ጠዋት ልጣ፣ ቆራርጣ፣ በሽንኩርት ትጠብሰዋለች። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲሁ ነው። የአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ሰሜኑ የድንች አገር ነው፤ በመከር ወቅት ልጆች ድንች እንዲለቅሙ ትምህርት ቤት እንኳ ይዘጋል።

ምግብ ቤቱን በቅርቡ የገዛው ጋርላንድ ፔልኪ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።

“ተቆርጦ፣ በረዶ ሆኖ በከረጢት የሚመጣ አለ እኮ። እርስዎም ያርፋሉ” አላት።

“እሱን ያስገባህ ቀን ሽርጤን ምስማሩ ላይ ሰቅዬ እሄዳለሁ።”

“እሺ፣ ቅዳሜ ሁለቱንም እናቅርብና ሰው ይፍረድ።”

በዚህ ተስማሙ።

አርብ ቬርና የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነበራት። ድንቹን ቀቀለች፣ እንፋሎቱ ሳይወጣለት ትሪ ላይ በትና ሄደች። ጋርላንድ ውድድሩን ማሸነፍ ቢፈልግም ተንኮለኛ አልነበረም። ይደርቅባታል ብሎ አዘነላትና ሁሉንም በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ሸፍኖ ማቀዝቀዣ ክፍል ከተተው።

ቅዳሜ ጠዋት ፕላስቲኩን ስትገልጠው ውሃ ተንጠባጠበ። ድንቹ አልቦት አድሮ ቢላዋው ላይ እንደ ሙጫ ተለጠፈ።

“ማነው የሸፈነው?”

“እኔ ነኝ፤ እንዳይደርቅ ብዬ።”

“እንዲደርቅ እኮ ነው የማሳድረው፣ ልጄ!”

ጋርላንድ ፊቱ ቀላ። “ውድድሩ ይቅር በቃ” አለ።

“ሰው ተርቦ ተቀምጧል። ያንተን አምጣ።”

የከረጢቱን ድንች ሙያዋን ሳትሰስት፣ ልክ እንደራሷ አድርጋ ጠበሰችው። ባንኮኒው ጋ የተቀመጠው ሽማግሌው ገበሬ ሮስኮ ሲር አንዱን በሹካ አንስቶ አገላብጦ አየው።

“ቬርና፣ አሞሻል እንዴ? በማስመሪያ ነው የቆረጥሽው?”

“እሱ የለመደው የራሱን ጠማማ ድንች ነው” አለ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው፤ ሁሉም ሳቁ።

“ከየት የመጣ ነው?” አለ ሮስኮ።

ጋርላንድ ከረጢቱን አነበበ። “አይዳሆ።”

ሳቁ ቆመ፤ አይዳሆ በድንች ከሜይን ጋር የምትፎካከር ሌላ ግዛት ናት።

“እኔ ምድር ቤቴ እስከ ጣሪያ ድንች ሞልቶ፣ አንተ የአይዳሆ ታበላኛለህ?” አለ ሮስኮ። ሆኖም አንድም አላስተረፈም። በማንም ሳህን ላይ ምንም አልተረፈም። ቬርና ባዶዎቹን ሳህኖች አየች።

ምሳው ሲያልቅ ሽርጧን ፈታ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።

“ምን እያደረጉ ነው?” አለ ጋርላንድ ደንግጦ።

“አስገብተኸዋላ። ሰውም በልቶታል።”

“የእርስዎን ስላበላሸሁት ነው እንጂ! መቼ ተወዳደርን?”

ቬርና ግን አልወጣችም። ባንኮኒው ጋ ሄዳ ተቀመጠች። ስምንት ሰዓት ሲሆን ጋርላንድ ራሱ ጆንያ ፈታ፣ አጠበ፣ ጣደ። ቆየት ብሎ አንዱን አውጥቶ ቢላዋ ሰካበት። ቢላዋው እስከ ማዶ ዘለቀ፣ ድንቹም ለሁለት ተከፈለ።

“በሰለ?” አላት።

“ለሾርባ በስሏል” አለች ቬርና፤ ተነስታም ሽርጧን ከምስማሩ አወረደች። “ድፋውና ሌላ ጆንያ አምጣ። ፕላስቲኩን ደግሞ እኔ የማላየው ቦታ አድርገው።”