ያልተለካ ሰባት

አሠሪዬ ኡስታ ሐምዲ ዛሬም አበሸቀኝ። ኦልድ ካይሮ ባለችው ወርክሾፑ አፍ ውስጥ የሚገቡት የሳክስፎን መንፊያዎች ላይ ቁጥር የምቀርጸው እኔ ነኝ። ቁጥሩ የጫፋቸውን ክፍተት ስለሚናገር መጀመሪያ መለካት አለበት። እሱ ግን ደንበኛው ቸኩሏል ብሎ «ሁሉም ላይ ሰባት ጻፊ፣ ኸላስ፣ በቃ!» አለኝ።

እየተነጫነጭኩ የመጀመሪያው የጠንካራ ጎማ መንፊያ ላይ በጋለ መቅረጫ ሰባት ጻፍኩ። የተቃጠለ ጎማ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

ይህን ሽታ መጀመሪያ ያሸተትኩት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፣ ቡላቅ አል-ዳክሩር ሰፈር። አባባ በየሰርጉ ሳክስፎን ይነፋ ነበር። የሁለቱ መንፊያዎቹ ቁጥር ተፍቆ ስለጠፋ፣ ልረዳው ብዬ ሚስማር ቡታጋዝ ላይ አግዬ አንዱ ላይ አምስት፣ ሌላው ላይ ሰባት ጻፍኩ። በግምት!

አባባ ሰባት የሚለውን ብቻ ይዞ ሰርግ ሄደ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ሳክስፎኑ እንዳልተቀባ በር ሲጢጥ አለ፤ ሰርገኛው ሳቀበት። ቤት ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

«ማን ጻፊ አለሽ?»

«ቁጥሩ ጠፍቶ ነበራ፣ አባባ!»

«ባዶ ቢሆንማ በአፌ ሞክሬ እለየው ነበር። ተጽፎ ሳየው ጊዜ አመንኩት።»

ከሰርገኛው ሳቅ ይልቅ ማመኑ ለምን እንዳናደደው ያኔ አልገባኝም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» ብሎ ኡስታ ሐምዲ ጮኾ ከትዝታዬ አባነነኝ። «ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ማን ይለካዋል?»

«ማንም! ደንበኛው ተጽፎ ሲያየው ያምናላ!» አልኩና መለኪያውን አነሳሁ። ኡስታ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ይያዝ!

ቅድም ሰባት የጻፍኩበትን መንፊያ ለካሁት።

አምስት ነው።