የፓራሹት ድንኳን

በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ሌላው ጠመንጃ ይዞ ወጣ፤ አሥር አለቃ ታደለ ፓራሹት ይዞ ወጣ። ከደብረ ዘይት በጭነት መኪና ተሳፍሮ፣ በወይጦ በኩል ጂንካ ገባ። ዘመድ አልነበረውም። ገበያው ዳር የስፌት መኪና ተከራይቶ ልብስ መጠገን ጀመረ።

አየር ኃይል የገባው በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ሥራው ፓራሹት ማጠፍ ነበር። መኮንኖቹ ስለ ደመወዝና ስለ መንግሥት ሲሰበሰቡ እሱ ከማጠፊያው ጠረጴዛ አልተነሣም። አንድ አብራሪ ሞተር ጠፍቶበት ዘለለና ታደለ ባጠፈው ፓራሹት ተረፈ፤ በፓራሹት የተረፈ አብራሪ ለአጣፊው እንደሚያደርገው አንድ ጠርሙስ ውስኪ ላከለት። ጠርሙሱ ሳያልቅ ንጉሡ ወረዱ፣ አብራሪውም ታሰረ።

ጂንካ ጥቂት ዓመት እንደ ቆየ ወባ ጣለው። ሲሻለው ያሳሰበው አንድ ነገር ነው፦ ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ዕድር ልግባ ብሎ ሄደ። ዋስ አምጣ አሉት። ለተበተነ ወታደር ማን ዋስ ይሆናል?

የዕድሩ ዳኛ፣ እህል ነጋዴው አቶ ወልደጊዮርጊስ፣ "ያ ጨርቅህ አለ አይደል?" አሉት። "ድንኳን ስፋልንና ያለ ዋስ ግባ።"

"ዝናብ አይችልም፣ ጋሼ። አየር እንዲያሳልፍ የተሠራ ነው።"

"ከሰማይ ሰው ያወረደ ጨርቅ ዝናብ ያቅተዋል? ወይስ ሰሰትክ፣ አሥር አለቃ?"

ሰዎቹ ሳቁ። ታደለ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ። ገመዶቹን ቆረጠ፣ ጨርቁን ተረተረ፣ ሰፋ። ዕድርተኛ ሆነ።

በሚያዝያ የአቶ ወልደጊዮርጊስ እናት ሞቱ። በቀብሩ ማግስት ዶፍ ወረደ። ውሃው በወንፊት እንደሚያልፍ በድንኳኑ አለፈ፤ ለቀስተኛው በስብሶ ወደየቤቱ ሮጠ፤ ዳኛው በባዶ አግዳሚዎች መሀል ብቻቸውን ቀሩ።

"የእናቴን ለቅሶ በተንከው" አሉት ታደለን።

ሳይውል ሳያድር ከዕድሩ አስወጡት። ድንኳኑን ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቀው በሩ ላይ ጣሉለት።

"ለምን አልነገርካቸውም?" አለችው ጎረቤቱ ሰብለ፣ አረቄ ሻጯ።

"ነግሬያቸዋለሁ። አንዴ።"

"አንዴ ምን ይሆናል?"

"ብደግመው ኖሮ ያስገቡኝ ነበር?"

ሰብለ አረቄ ቀዳችለት።

ሐሙስ ጎረቤት ከተማ ቀይ አፈር ሄዶ የዚያን ዕድር ልግባ ብሎ ጠየቀ። ሰዎቹ በደግ ፊት ተቀበሉት፤ አስቀምጠውም "ከጂንካው ለምን ወጣህ?" አሉት። ታደለ "ይህንንስ ብነግራቸው ማን ያምነኛል?" ብሎ አሰበ። ተነሥቶ ወደ ጂንካ ሊመለስ መኪና ተራው ሄደ።