ሚስ ኤልሲ የጠበቁት መጽሐፍ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሮም፣ ኤስኲሊኖ ገበያ ምስርና ቃሪያ ገዝቼ ትራም ስጠብቅ አንዲት ተማሪ ወረቀት ይዛ ተጠጋችኝ። ስለ ቤት ችግር የምታጠና የዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት። ስንት ሆነን እንደምንኖር፣ ኮንትራቶ፣ የኪራይ ውል፣ እንዳለኝ፣ ስንት ጊዜ ቤት እንደለቀቅኩ ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም መለስኩላት። ስትጨርስ «ግራትሲዬ ሲኞራ፣ አመሰግናለሁ፣ ጥናቱ ለባለሥልጣናቱ ይቀርባል» አለችኝ፤ ከልቧ ነው። ትራሙ ላይ ተቀምጬ ከተማውን በመስኮት እያየሁ ሐሳቤ ግን ሞንቴቬርዴ ሰፈር፣ በወጣትነቴ የሠራሁበት የአንድ ፕሮፌሰር ቤት ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ ሮም ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። አብረውኝ የመጡት ልጆች በየቤቱ ሽማግሌ ሲያጥቡና ሲያነሡ እኔን እንግሊዝኛዬ አዳነኝ። ፕሮፌሰሩ አሜሪካዊ ናቸው፤ ጣሊያናዊት ሚስታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ቀርተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። እዚያው እያደርኩ ጠዋት ሚኔስትራ የሚሉትን የአትክልት ሾርባ እሠራለሁ፣ ልብስ እተኩሳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ አነብላቸዋለሁ።

የማነበው ልብ ወለድ አልነበረም። አንዱ ክፍል እስከ ጣሪያው ድረስ ካርቶን ተደርድሮበታል። ፕሮፌሰሩ በወጣትነታቸው በአንድ የአሜሪካ የፋብሪካ ከተማ፣ ጥቁሮች በሚኖሩበት ሰፈር በር እያንኳኩ የሰበሰቡት ቃለ መጠይቅ ነው። ሰዎቹ ስለሚያፈስ ጣሪያ፣ ሌሊት ሳል ስለሚያፍናቸው ልጆች፣ መጥቶ ስለማያውቅ የቆሻሻ መኪና ይናገራሉ። አንዱ ሰውዬ ቧንቧው ከተበላሸ ወዲህ የመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ቲማቲም እንደተከለ ያወራል፤ እሱን ባነበብኩ ቁጥር ፕሮፌሰሩ ይስቃሉ። እኔ አሜሪካን የማውቃት በፊልም ነበር። እንደዚህ ያለ ኑሮ እዚያም አለ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ዝናብ በጀመረ ሰሞን፣ ካኪ የሚባለው ፍሬ ገበያ ላይ በወጣበት ወቅት፣ አንድ ደብዳቤ መጣ። ላኪዋ ሚስ ኤልሲ የሚባሉ የዚያ ሰፈር ሴት ናቸው። ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«አድራሻዎን ያገኘሁት በስንት ልመና ነው» ይላል። «ጥናቱ ለከተማው ምክር ቤት ሲቀርብ ቤቶቻችን ይታደሳሉ ብለውኝ ነበር። ቤቴ ፈርሶ አውራ ጎዳና ካለፈበት ብዙ ዓመት ሆነ። አሁን ሰማንያ አንድ ሞልቶኛል። ያን ሁሉ የነገርኩዎት ምን ደረሰ?»

ፕሮፌሰሩ ደብዳቤውን ከእጄ ወሰዱ።

«አቅርቤው ነበር» አሉ። «ቤቶቹ ያፈሳሉ፣ ግድግዳው ሻግቷል ብዬ ጻፍኩ። እነሱም እንግዲያው ለመኖሪያ አይሆኑም ብለው አፈረሷቸው። የእኔን ጽሑፍ እየጠቀሱ።»

«ሰዎቹ ይህን ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ከጥናቱ ሌላ፣ መጽሐፍ እጽፋለሁ አልኩ። በራሳቸው አንደበት።»

እጽፋለሁ ካሉ ሠላሳ ዓመት አልፎ ነበር። የመጀመሪያውን ምዕራፍ እኔ ራሴ አራት ጊዜ ተይቤላቸዋለሁ፤ አራቱንም ጊዜ ቀደውታል።

«ወረቀት አምጪና ጻፊ» አሉኝ። «ውድ ሚስ ኤልሲ፣ መጽሐፉ በሚቀጥለው ዓመት ይወጣል። ስምዎ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይሆናል።»

እጄ ቆመ። «ፕሮፌሶሬ፣ እኛ እኮ አንድ ምዕራፍ እንኳ የለንም።»

«ጻፊ አልኩሽ!»

ጮኸውብኝ አያውቁም ነበር። ጻፍኩ፤ ፖስታ ቤት የወሰድኩትም እኔ ነኝ። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእሳቸው ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ፈርቼ ነው ብል ግማሹን ብቻ መናገሬ ነው። እውነት እንዲሆን እኔም ተመኝቼ ነበር። ደግሞ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል በርትተን ሠራን፤ ምሳ እንኳ እየረሳን። ከገና በኋላ ግን ጠዋት የነገሩኝን ከሰዓት ይረሱት ጀመር። የካቲት ውስጥ ሆስፒታል ገብተው አልወጡም።

የወንድማቸው ልጅ ከአሜሪካ መጣ። ካርቶኖቹን እንዲወስድ የጠየቀው ቤተ መጻሕፍት የተናጋሪዎቹ የፈቃድ ፊርማ ከሌለ አንቀበልም አለ። «ምን ላድርግ? አንቺ ትወስጃቸዋለሽ?» አለኝ ሰውየው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ማደሪያዬን የማጣው በዚያው ሳምንት ነው፤ ንብረቴ አንዲት ሻንጣ። ካርቶኖቹን በደረጃ እያወረድኩ መንገድ ዳር ያለው የወረቀት ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጨመርኩ። ሲሞላ የተረፉትን አጠገቡ ደረደርኳቸው። ያካፋ ነበር፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ከታች ያሉት ካርቶኖች ርሰው ተቀደዱ።

ቁልፉን በማስረክብበት ቀን የሚስ ኤልሲ መልስ መጣ። ልጆቻቸውን ሰብስበው ስለ መጽሐፉ እንደነገሯቸው፣ ዓይናቸው ሳይጠፋ እንዲደርስላቸው እንደሚጸልዩ ጽፈዋል። ልመልስላቸው ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ። «ፕሮፌሰሩ ሞቱ» የሚለውን መጻፍ አላቃተኝም። ቀጥሎ የሚመጣው ነበር የማይጻፈው። ጥቂት ወራት እንዲህ አለፉ፤ ከዚያ ሌላ ቤት ሥራ ጀመርኩ፣ ዓመትም አለፈ።

ዛሬ ሚስ ኤልሲ በሕይወት አይኖሩም። እኔም ሮም ስንት ቤት እንደቀየርኩ ለመቁጠር ጣቶቼ አይበቁኝም፤ እንደዚያች ተማሪ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም፣ ጥያቄውም ያው ነው፣ ቤቱም ያው። አንዳንዴ ሳህን እያጠብኩ ስለ ሚስ ኤልሲ አስባለሁ። እየጠበቁ ሞተው ይሆን፣ ወይስ መጠበቁን ትተው? ለእሳቸው የትኛውን እንደምመኝ እንኳ አላውቅም።