ሁለት ክንድ፣ በማን ክንድ?

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ ግን የሚያውቀው «ሜትር» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው፤ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅማ። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ማዳመጫውን፣ እሱ ሜትሩን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲተያዩ ማን ማንን ሊመረምር እንደሆነ ግራ ገባኝ። «አስር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ» የሚለውን አባባል ያወጣው ራሱ ይመስለዋል። በቀን ሦስቴ ካልተናገረው ምግብ አይፈጭለትም።

እኔን ያሳደጉኝ እሱና ሚስቱ ናቸው። እሷን እቴቴ ነው የምላት። ሁለቱ በሰላሳ ዓመት ውስጥ ሰባት ቤት ተከራይተዋል፤ አጎቴም በሰባቱ ቤት የደረሰበትን ሁሉ የሚያሰፍርበት ደብተር ነበረው። «የበደል ደብተር» ይለዋል። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ የሱ የእጅ ጽሑፍ ለራሱም አይነበብለትም። በደል አንድ፦ ማብሪያ ማጥፊያው ከበሩ ኋላ ስለሆነ መጀመሪያ በሩን ዘግተህ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን ዳብሰህ ነው የምታበራው። በደል ዘጠኝ፦ ቧንቧው ዝቅ ስላለ ባልዲ ከሥሩ አይገባም። በደል ሃያ ሁለት፦ የመኝታ ቤቱ በር ሲከፈት አልጋውን ይመታል፤ አልጋው ላይ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ አርባ ሦስት ደረሰ።

ዕድሜ ለመርፌው፣ በመጨረሻ የራሱን ቤት መሥራት ጀመረ። የቤቱ ሐሳብ በሙሉ የተቀዳው ከዚያ ደብተር ነው፤ ለእያንዳንዱ በደል አንድ ካሳ። ማብሪያዎቹ በሩ ሲከፈት እጅ የሚያርፍበት ቦታ ሆኑ። ከአልጋው አጠገብም አንድ ተጨመረ፤ ተኝቶ ለማጥፋት። ቧንቧው ከፍ አለ። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ውሃው ወደ አንድ ጥግ እንዲወርድ ተዳፋት ሆነ። መግቢያው ላይ ተቀምጠው ጫማ የሚያወልቁበት አግዳሚ፣ ከጎኑም የረጠበ ጃንጥላ ማንጠልጠያ ተሠራ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይስቅበትም።

ከዚያ በኋላ ግን ልጓሙን በጠሰ። ሳሎኑ ብቻ አሥራ አንድ የመብራት ሶኬት አለው፤ አንድ ጎረቤት የብየዳ ቤት ሊከፍት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መነጽሩ እየጠፋ ስላስቸገረው ደግሞ ግድግዳው ላይ መነጽር ማስቀመጫ ስድስት ቦታ አስፈለፈለ። አንዱ ገላ መታጠቢያው ውስጥ ነው።

«አጎቴ፣ ስትታጠብ መነጽር ታደርጋለህ እንዴ?»

«አላደርግም። ምናልባት።»

መነጽሩ ያኔም ግንባሩ ላይ ነበር።

እቴቴ በዚህ ሁሉ ጣልቃ አልገባችም። ሆድ ይፍጀው የምትል ሴት ናት። አንድ ቀን ግን ግድግዳው ከቆመ በኋላ እኔና አጎቴ ደብተሩን ዘርግተን ስንከራከር መጥታ ቆመች። «እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አለች። «ቆሜ የምሠራበት የማድ ቤት መደብ በልኬ ይሁን።» ክንዷን ግድግዳው ላይ ከወለሉ ጀምራ አቆመች፤ ከክርን እስከ መሐል ጣት አንድ፣ በላዩ ደግሞ ሁለት። «ሁለት ክንድ። እንዳይበልጥ፣ እንዳያንስ።»

እኔ ሜትሩን ጠበቅኩ። አጎቴ አላነሣውም። «ጻፊ ልጄ፣ ሁለት ክንድ» አለኝ። «የሷን ልክ በሜትር ነው እንዴ የማውቀው? ሰላሳ ዓመት ቀሚሷን በዓይኔ እኮ ነው የሰፋሁት።» አፉን ሞልቶ ነው የተናገረው። እኔም ሞኟ ጻፍኩ። በዚያ ገጽ ላይ የሽንት ቤቱ ወረቀት ማንጠልጠያ ሳይቀር እስከ ግማሽ ሳንቲሜትር ተለክቷል። በክንድ የተጻፈው የሷ ብቻ ነበር።

መደቡ በተሠራበት ቀን አጎቴ ሳሎን ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ሶኬት ካላስገባሁ እያለ ከመብራት ሠራተኛው ጋር ተያይዞ ነበር። ግንበኛው ደብተሩን አነበበ፤ ሁለት ክንድ ይላል። ሰውየው መሰላል ሳይወጣ ጣራ የሚነካ ቁመተ ረጅም ነው። የገዛ ክንዱን ዘረጋ፣ ለካ፣ ኮንክሪቱን ሞላ።

ሁሉም ሲደርቅ አጎቴ እቴቴን ቤቱን ሊያስጎበኛት ወሰዳት። እኔም ግንበኛውም ከኋላ ተከተልን። እያንዳንዱን ማብሪያ አበራ አጠፋ፤ ስድስቱንም የመነጽር ማስቀመጫ አንድ በአንድ አሳየ። ማድ ቤት ደረስን። እቴቴ መደቡ ፊት ቆመች፣ ሽንኩርት የምትከትፍ ያህል እጆቿን ላዩ ላይ አደረገች። ትከሻዎቿ ወደ ጆሮዎቿ ወጡ።

«እንዴት ነው?» አላት።

«ጥሩ ነው» አለችው።

አጎቴ ደስ ብሎት ስለ ዕቃ ማጠቢያው ማስረዳት ጀመረ። እሷ ግን ቀስ ብላ ወጣች። ስትመለስ የሲሚንቶ ባልዲ ይዛለች። ገልብጣ መደቡ ሥር አስቀመጠችው፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣችበት። «አሁን ደረስኩ» አለች።

ቀድሞ የተናገረው ግንበኛው ነው። «ጋሼ፣ ሁለት ክንድ ነው የሚለው። ክንዴ ደግሞ ይኸው።» አጎቴ ወደኔ ዞረ፤ «ጸሐፊዋ ናት።» እኔ ደግሞ «ያልከውን ነው የጻፍኩት» አልኩ። ጥፋት እንደ ትኩስ ድስት ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ግንበኛው መላ አመጣ፤ «እትዬ፣ ግድ የለም፣ መርገጫ ደረጃ እሠራልዎታለሁ። ነገ ያልቃል።»

«ደረጃውስ አለኝ» አለች እቴቴ፣ ከባልዲው ሳትወርድ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሰባት ቤት ስንከራይ በሰባቱም በርጩማ ላይ ቆሜ ነው የሠራሁት። መደቡን የሠራው ሌላ ሰው ነው፣ ምን ይደረግ ብዬ ቻልኩ። ስምንተኛው የራሴ መስሎኝ ነበር።»

አጎቴ ክው አለ። ያቺን በርጩማ ከቤት ወደ ቤት በገዛ እጁ ተሸክሟታል፤ መቀመጫ ናት ብሎ። በአርባ ሦስቱ በደል ውስጥ ስለ በርጩማ አንድ መስመር የለም። ሁሉም እሱ ያያቸው ብቻ ነበሩ፤ እኔም ስጽፍ ኖሬ አላስተዋልኩም። አፈርኩ።

«እንዴት ልክሽ ይጠፋኛል?» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ። «ሰላሳ ዓመት ቀሚስ ሰፍቼልሽ?»

እቴቴ ጎንበስ ብላ የቀሚሷን ጫፍ ገለበጠችና አሳየችው። ሦስት ጣት ያህል ታጥፎ በእጅ ተሰፍቷል። አጎቴ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ስፌቱን እንደ ባለሙያ ተመለከተው።

«ማነው ይሄን ያጠፈው?»

«እኔ ነኛ። የሰፋህልኝን ሁሉ አንተ ሱቅ ስትሄድ አጥፌ ነው የምለብሰው።»

«ሁሉንም? ታዲያ ምነው አትነግሪኝም ነበር?»

«‹በዓይኔ ነው የሰፋሁት› ስትል ደስ ይልሃላ። ምን ብዬ ልንገርህ?»

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል። የልብስ ሰፊ ሚስት ልኳ ያልሆነ ቀሚስ እንደምትለብስ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። አጎቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አቧራው ነው አለ፤ ግንበኛውም ደግነቱ «አዎ፣ አቧራው አስቸጋሪ ነው» አለለት።

ከዚያ እጇን ይዞ ከባልዲው አወረዳት። ሜትሩን ከአንገቱ አወለቀ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ በለካበት ሜትር ሚስቱን ሲለካ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «ክንድሽን አጠፍ አድርጊ» አላት፣ ደንበኛ እንደሚያናግር። ተንበርክኮ ከወለሉ እስከ ክርኗ ለካ። አሥር ጊዜ ለካው፤ ቆጥሬያለሁ። ደብተሩን ከእጄ ተቀብሎ «ሁለት ክንድ» የሚለውን ሰረዘና ቁጥሩን በራሱ እጅ ጻፈ። ቀጥሎ ወደ መጀመሪያዎቹ ገጾች ተመልሶ ከአርባ ሦስቱ ሥር አንድ ነገር ጨመረ። ጽሑፉን ለማንበብ ብዙ ታገልኩ፤ «በደል አርባ አራት፦ እሷን አልለካሁም» ይላል።

በማግስቱ ግንበኛው መደቡን በመዶሻ አፈረሰው። እያጉረመረመ ነው፤ ግን አፈረሰው።

አሁን ቤቱ ተገብቶበታል። እቴቴ መደቧ ላይ ትከሻዋን ጥላ ትከትፋለች። አጎቴ ዕቃ ሊያጥብ ሲቆም ጎብጦ «ወገቤን» ይላል፤ እሷም «በርጩማዋን ላምጣልህ?» ትለዋለች። በርጩማዋ አሁን የሱ ናት፤ እሷ ስትሠራ ተቀምጦባት ያወራላታል። ሰው ሊጠይቃቸው ሲመጣ ሶኬቶቹን ትቶ መጀመሪያ የሚያሳየው ማድ ቤቱን ሆኗል።

«ልኩ ሁለት ክንድ ነው» ይላቸዋል።

«በማን ክንድ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

«በባለቤቲቱ» ይላል። የቤቱን ባለቤት ማለቱ ይሁን የራሱን፣ አያብራራም።