ሳይታሸግ መቂ የደረሰ ደብዳቤ

ኑሬ ዛሬም ባዶ እጁን መጣ። ኮከብ ኪዳነወልድ ይህን ያወቀችው ገና ከአይሱዙው ሳይወርድ ነው። መልስ ሲኖር ወረቀቱን በመስኮት እያውለበለበ ነበር አዳማ አትክልት ተራ የሚገባው። ዛሬ ሁለት እጁም መሪው ላይ ነው።

«አካም፣ ኮኪ!»

«ደብዳቤውስ?»

«መምህር አልሰጡኝም።»

«ታመው ነው?»

«ኧረ ደህና ናቸው። ሰላም ስላቸው ፊታቸውን አዞሩብኝ እንጂ።» ከሸሚዙ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ እያራገፈ ዓይኗን ሸሸ።

ኮከብ አዳማ ባለ የልብስ ፋብሪካ የስፌት ተቆጣጣሪ ናት። አባቷ መቂ የሚኖሩ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ጆሯቸው መስማት ካቆመ ቆይቷል። ስልክ ገዝታላቸው ነበር፤ «ለማልሰማው ነገር ቻርጅ አላደርግም» ብለው ለጎረቤት ሰጡት። ስለዚህ አባትና ልጅ የሚገናኙት በደብዳቤ ነው፤ ከመቂ ሽንኩርት በሚያመላልሰው በኑሬ እጅ።

ሰኞ የላከችው ግን እንደሌሎቹ አልነበረም። የቀድሞ አለቃዋ አሁን በምትሠራበት የሞሪሸስ ፋብሪካ ሥራ አግኝታላታለች፤ መልሷን እስከ ዓርብ ይጠብቃሉ። ኮከብ ያለ አባቷ ምርቃት እግሯን ላታነሳ ወስናለች። ይህን ሁሉ ጻፈችና ወረቀቱን አጥፋ፣ ሳታሽግ ለኑሬ ሰጠችው። በሰው እጅ የሚላክ ደብዳቤ ማሸግ መልእክተኛውን አላምንህም ማለት ነው። ይህን ሥርዓት ያስተማሯት አባቷ ናቸው።

«ኑሬ፣ አንብበኸዋል?»

«እንዲያው ዝም ብዬ... ጭነት ስጠብቅ።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለቀመሪያ ብቻ።»

ቀመሪያ መቂ ገበያ መግቢያ ላይ ሻይ ቤት አላት። ለቀመሪያ ብቻ ማለት ለመቂ በሙሉ ማለት ነው።

«ደስ ብሎኝ ነው እኮ! የኛ ልጅ ባሕር ልትሻገር ነው ብዬ!»

«ዝም በል። ነገ ስትመለስ ይዘኸኝ ትሄዳለህ።»

ሐሙስ ጠዋት ከአዳማ እስከ መቂ አልተነጋገሩም። ቆቃን ሲያልፉ ኑሬ ሬዲዮ ከፈተ፤ ዘጋችበት።

አባቷ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። አልከለከሏትም፤ ቀናም አላደረጓትም። ደብተሯን አወጣች። ሲገናኙ እሷ ትጽፋለች፣ እሳቸው ይናገራሉ። የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙት ይጮኻሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያዳምጣል።

«ሰኞ ሰው ሁሉ እየመጣ እጄን ይጨብጣል! ይስቃል! እኔ ጡረታ የተጨመረ መስሎኝ አብሬ ስስቅ ዋልኩ! ወረቀትሽን ይሄ ሰውዬ ሲመሻሽ አመጣልኝ!» በሩ ላይ የቆመውን ኑሬን በጣታቸው አሳዩ። «ልጄ ልትሄድብኝ፣ እኔ ስስቅ!»

ኑሬ አንገቱን ደፋ።

«ይቅርታ አባባ፣ ማሸግ ነበረብኝ» ብላ ጻፈች።

«ነበረብሽ!»

ቀጥላ «እቀራለሁ» ብላ ጻፈች።

መምህሩ አነበቡት። ቀይ እስክሪብቷቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡና፣ እንደ ተማሪ ስህተት ሰረዙት።

«ለመሆኑ አገሩን ታውቂዋለሽ? ሕንድ ውቅያኖስ መሃል ነው! ካርታ ላይ ነጥብ ናት! ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር አንድ ተማሪ እንኳ በጣቱ አግኝቷት አያውቅም!»

«ይመርቁኝ» አለች ወረቀቱ ላይ።

ኪሳቸውን ፈተሹና ትንሽ ቁልፍ አወጡ።

«ማክሰኞ ፖስታ ቤት ሄጄ ሳጥን ተከራየሁ። ሞሪሸስ የኑሬ መኪና አይደርስም።»

«ይመርቁኝ» የሚለውን በኃይል አሰመረችበት፤ ወረቀቱ ተቀደደ።

«አልመርቅም! መጀመሪያ ከዚያ ጻፊልኝ። ምርቃቱን በመልሱ እልክልሻለሁ።»

«ጋሼ፣ ደግሞ ሳይመረቅ የሚሄድ ሰው አለ እንዴ?» ኑሬ እንደማይሰሙት ረስቶ ጮኸ።

«ምን ይላል ይሄ?»

ኮከብ አልጻፈችላቸውም። ሳትመረቅ መሳፈር፣ ያውም ባሕር አቋርጣ፣ ከሁሉም በላይ የምትፈራው ነገር ነው። አባቷ ቁልፉን ጨብጠው ዓይናቸውን ደብተሯ ላይ ተክለዋል። ምርቃታቸውን መያዣ አድርገው ማስቀረታቸው ነው፤ ልጃቸው ከሄደች በኋላ መጻፍ እንዳትተው። እሳቸውም ፈርተዋል ማለት ነው።

እንደገና ጻፈች፦ «የሳጥኑ ቁጥር ስንት ነው?»

ደብተሩን ተቀብለው ራሳቸው በቀይ ጻፉላት።

ሲመለሱ፣ ሞጆ ላይ ኑሬ ነዳጅ ሲቀዳ፣ ለቀድሞ አለቃዋ መልእክት ጻፈች፦ «እመጣለሁ።» ከመላኳ በፊት ኑሬ በመስኮቱ አንገቱን አሰገገ። ስልኩን ጭኗ ላይ ገለበጠችበት።

«ለኔም ይታሸጋል?» አለ።

«ላንተም» አለችና፣ ዞር እስኪል ጠብቃ ላከችው።