ከእንቁጣጣሽ በፊት የተቃጠለው ቀሚስ

እንጅባራ ክረምት ሲገባ ልብስ አይደርቅም። ጠዋት የታጠበ ነጠላ ማታም እርጥብ ነው፤ በማግስቱም እርጥብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መሽተት ይጀምራል። እኔና ባለቤቴ እንጀራችንን ያገኘነው በዚህ ነበር። እሱ ልብስ ሰፊ ነው። ከመጋባታችን በፊት አስመራ ልብስ አጣቢ ቤት ተቀጥሮ ስለነበር፣ እዚያ ያየውን የማድረቂያ ክፍል ከቤታችን ጀርባ ሠራ። ጭቃ የተመረገ ጠባብ ክፍል ነው፤ መሐሉ ላይ ከበርሜል የተቆረጠ ምድጃ፣ ከምድጃው ተነሥቶ ግድግዳውን በስቶ የሚወጣ የቆርቆሮ ቱቦ፣ ከላይ ገመድ። እኔ አጥባለሁ፣ አሰጣለሁ፤ እሱ ይተኩሳል።

በዚያች ክፍል የነበረው ኩራት! የመጣውን ሰው ሁሉ እየጎተተ ያስገባና፣ "እስቲ ይግቡ፤ ቆላ ጫግኒ የወረዱ አይመስልዎትም?" ይላል። መምህራኑ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ ባለሱቆቹ ልብሳቸውን ያመጡልን ጀመር። እኔም ገበያ ስወጣ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው።

ጋቢና ነጠላ ሲደርቅ ብናኝ ይጥላል። ብናኙ ገመዱ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ከበርሜሉ ጀርባ ይከማቻል። ቱቦውም ግድግዳው ጋ ሲደርስ እንደ ክርን ይታጠፍ ነበርና ጥቀርሻው እዚያ ላይ ይያዛል። በደኅናው ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቱን እናጠፋለን፤ እሱ ቱቦውን አውርዶ፣ በዱላ ጫፍ ጨርቅ ጠምጥሞ ውስጡን ይጠርጋል፤ እኔ ብናኙን እጠርጋለሁ። ነሐሴ ላይ ሥራው ሲበዛ ይኼ ቀረ። "ለእንቁጣጣሽ ሁሉም ሰው ልብሱን ይፈልጋል። ቱቦ ስናወርድ ስንሰቅል ግማሽ ቀን ይሄድብናል፤ ከበዓሉ በኋላ ይደርሳል" አለኝ። እሺ አልኩ። ዝናቡ በቱቦው አፍ እየገባ ሲያስቸግረውም የቆርቆሮ ቁራጭ ደፋበት። ጢሱ የሚወጣበት ክፍተት ጠባብ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከዘንገና በኩል አንዲት አሮጊት መጡ። ጥቁር ለብሰዋል። አማርኛው ብዙም ስለማይቀናቸው የተጫወትነው በአገውኛ ነው። ባላቸው ከሞቱ ዓመት ሊሆን ነው፤ በእንቁጣጣሽ ጥቁሩን አውልቀው ሐዘናቸውን ያወጣሉ። ለዚያ ቀን ልጆቻቸው ያሰፉላቸው ነጭ ቀሚስ ሣጥን ውስጥ እንዳለ ሻግቶባቸዋል።

"ይለቃል?" አሉኝ።

"ይለቃል፣ እማማ። በእንዶድ አጥቤ፣ ነጩ እንዲጎላ ኒላ ውስጥ ነክሬ አደርስልዎታለሁ።"

"አደራ፣ ልጄ" ብለው ሄዱ።

ሻጋታው ለቀቀ። ቀሚሱን ከበርሜሉ አጠገብ፣ ሙቀቱ ከሚበረታበት፣ እኔው ራሴ ሰቀልኩት።

ጳጉሜ በገባበት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ጓሮ ሆኜ ልብስ አለቀልቃለሁ። ጢሱ ከውጭው ቱቦ መውጣቱን ትቶ በበሩ ሥር ሲወጣ አየሁ። ባለቤቴን ጠራሁት። በሩን ሲከፍተው ከበርሜሉ ጀርባ የተከማቸው ብናኝ ቀልቶ ነበር፤ ነፋስ ሲገባለት ቦግ አለና ገመዱ ላይ ያለውን ያዘው። ባለቤቴ ራሱን በእርጥብ ጋቢ ጠቅልሎ ገባ፤ ያገኘውን ልብስ እየጎተተ ወደ ውጭ ይወረውራል። ጎረቤታችን፣ የሙስሊሙ ባለሱቅ ሚስት፣ ከነልጆቿ በእንስራም በባልዲም ውኃ ይዛ ደረሰች። ቤታችንን ያዳነችልን እሷ ናት።

እሳቱ ሲጠፋ የሰው ልብስ ጭቃው ላይ ተከምሮ ነበር። ከፊሉ ተቃጥሏል፤ የቀረው ጥቀርሻ ለብሷል። የአሮጊቷ ቀሚስ ከትከሻው እስከ ወገቡ የለም። ጎረቤቴ አነሣችውና አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ አጥፋ ደረጃው ላይ አስቀመጠችልኝ።

በማግስቱ ባለቤቴ፣ "ዳንግላ ጨርቅ ልፈልግ፤ ለአንዳንዶቹ እንኳ ልተካላቸው" ብሎ ሄደ። እኅቱ ቤት እንደተቀመጠ የሰማሁት ከሰው ነው።

ሰዎቹ አንድ በአንድ መጡ። በር ላይ ቆሜ የየራሳቸውን እሰጣቸዋለሁ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሰደበኝ። አንድ ወጣት መምህር ሱሪውን ተቀብሎ ጥቀርሻውን አራገፈ፤ "አይዞሽ፣ ይታጠባል" አለኝ። ከጸሐፊው ስድብ ይልቅ የሱ አይዞሽ ነው አንገቴን ያስደፋኝ። ሁሉም "ባልሽስ?" ይሉኛል። "ለሥራ ሄዷል" እላለሁ። አንዳቸውም እንዳላመኑኝ አውቃለሁ።

አሮጊቷ የመጡት በበዓሉ ዋዜማ ነው።

"ደርሶልኛል?" አሉ።

ቀሚሱን ዘረጋሁላቸው። ጫፉን ይዘው ቆዩ።

"ሰው ተጎዳ?"

"የለም፣ እማማ።"

"ባልሽ የት አለ?"

"ለሥራ ዳንግላ ሄዷል።"

ትክ ብለው አዩኝ። ገብቼ የሠርጌን ቀሚስ አመጣሁ። "ይኼን ይውሰዱ፤ ንጹሕ ነው፤ ከሠርጌ ወዲህ አልለበስኩትም።"

"ያንቺ ለምን ይሆነኛል? ልጆቼ ያሰፉልኝን ለብሼ ሐዘኔን አወጣለሁ ብዬ ነው የቆየሁት" አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። የተረፈውን ጨርቅ በብብታቸው ይዘው በዝናቡ ወጡ።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከሴቶቹ ሁሉ ጥቁር የለበሱት አሮጊቷ ብቻ ነበሩ። አጠገባቸው ያለችው ሴት ጠየቀቻቸው፤ የመለሱላትን አልሰማሁም፤ ሴትየዋ ግን ዞራ በዓይኗ ሰው ፈለገች። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ውኃ እንኳ የምቀዳው ሴቶች ከማይበዙበት ምንጭ ነበር።

ባለቤቴ መስቀል ካለፈ በኋላ መጣ። ገብቶ ተቀመጠ።

"ሰዎቹ ምን አሉ?"

"አንተ ብትኖር ትሰማቸው ነበር።"

"ፊታቸውን ማየት አቃተኝ" አለ።

"እኔም አቅቶኝ ነበር" አልኩት።

በማግስቱ ቱቦውን አወረድነው። እጥፋቱ ላይ ጥቀርሻው ጠጥሮ ጣት የምታሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ቀርታ ነበር። ቱቦውን ጭኑ ላይ አድርጎ ያንን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ቱቦው ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ በጣሪያው እንዲወጣ አደረገ፤ ክዳኑን ከፍ አድርጎ ሠራው፤ ልብስ እንዳይጠጋ በርሜሉን በሽቦ አጠረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማንም ልብስ ፈላጊ በር ላይ ቢቆም እንኳ እሳቱ ይጠፋል፣ ቱቦው ይጠረጋል፣ ብናኙ ይወጣል። ግን ልብስ የሚያመጣልን ሰው ጥቂት ሆነ። ብዙዎቹ በየምድጃቸው ላይ ማድረቅ መረጡ።

ለአሮጊቷ የሚሆን ነጭ ቀሚስ ጥጡን እኔ ፈተልኩ፤ ሸማኔ ሠራው፤ ባለቤቴ ሰፋው። ጥር ላይ ይዘንላቸው ሄድን። አጥሩ ጋ ሲደርስ ባለቤቴ ቆመ። "አንቺ ስጫቸው" አለኝ።

"ዛሬ ብቻዬን አልገባም" አልኩት።

ገባ። ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው አነሡት፤ "ተቀመጥ፣ ልጄ" አሉት። ቀሚሱን ተቀብለው ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱ፤ አመሰገኑን። ያን ጊዜ ጥቁሩን አውልቀው ነበር። ሴት ልጃቸው አንድ ግራጫ ቀሚስ ገዝታላቸው፣ በመስቀል ሐዘናቸውን አውጥተዋል። የኛን አጥፈው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ቆሎ አቀረቡልን፤ ስለ ከብቶቻቸው አወሩልን።

ስንመለስ ባለቤቴ፣ "ይቅር ብለውናል፣ አይደል?" አለኝ።

"ብለውናል" አልኩት፤ እውነቴን ነው።

ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ስንገናኝ ቀድመው ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ግን ከፊታቸው በፊት የለበሱትን ነበር የማየው። ያንን የኛን ቀሚስ ለብሰው አይቻቸው አላውቅም።